የአባ እንጦንስ እሳትና የመንገደኛው ዳቦ

መንገድ የሕዝብ መጽሐፍ ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው መጽሐፍ ገልጦ እንደሚማር ሁሉ፣ ዓይኑን ገልጦ የሚጓዝ ሰውም ከድንጋዩና ከምንጩ፣ ከፈረሰው ግንብና ከቆመው ቤት ይማራል። ነገር ግን መጽሐፍን ሳያስተውሉ የሚያገላብጡ ብዙዎች እንደ ሆኑ፣ መንገድንም ሳያስተውሉ የሚረግጡ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ በአሳብ አንድ የእግር መንገድ አብረን እንሂድ። ጉዞው የአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ርዝመቱም ከሃያ ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ሆኖም በዚህ አጭር ጉዞ የምናገኘው አንድ ፍርስራሽ የዘጠኝ መቶ ዓመት ታሪክ የያዘ ነው፤ ታሪኩም እስከ አገራችን እስከ ወሎ ድረስ ይደርሳል።

መንገዱ በስፔን አገር ያለው የቅዱስ ያዕቆብ መንገድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የዘብዴዎስ ልጅ ሐዋርያው ያዕቆብ በኢየሩሳሌም በሄሮድስ እጅ በሰይፍ እንደ ተገደለ በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል። የስፔን ሰዎች ትውፊት ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ሥጋውን በመርከብ ወደ ምዕራብ ወስደው በጋሊሲያ ምድር ቀበሩት ይላል። በዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቴዎዶሚሮ የተባለ ጳጳስ መቃብሩ ተገኘ ብሎ ስለ አስታወቀ፣ ንጉሡ ዳግማዊ አልፎንሶ በስፍራው ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ቦታውም ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከፈረንሳይ፣ ከጀርመን፣ ከኢጣሊያና ከእንግሊዝ ሳይቀር እየተነሡ ምእመናን ወደዚያ ይጐርፉ ጀመር። ከፈረንሳይ ወሰን ተነሥቶ የፒሬኔን ተራራ የሚሻገረው ዋናው መንገድ ብቻ ሰባት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚያ ዘመን መንገደኛው ከደረሰ በኋላ የሚሳፈርበት ባቡር ስላልነበረ፣ ያንኑ ያህል ደግሞ በእግሩ መመለስ ነበረበት። ስለዚህ ብዙው ሰው ከቤቱ ሲወጣ የሚናዘዘውን ተናዞ፣ ዕዳውን ከፍሎ፣ ቤተ ዘመዱን ተሰናብቶ ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ወደ አክሱም ጽዮን፣ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ግሸን ማርያም በሶና ቆሎ ቋጥሮ፣ በትር ይዞ የሚሄደውን ሰው እናውቀዋለን። ቀን ሲመሽበት ከማያውቀው ደጅ ቆሞ፣ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲልም ሰምተናል። እንግዲህ ስለ ሌላ አገር መንገደኛ የምንናገረውን በዚሁ በምናውቀው ልብ ልናየው ይገባናል።

የዛሬው ጉዞአችን የሚጀምረው ኦርኒዮስ ከምትባል አነስተኛ መንደር ነው። ስሟ በአገሬው ቋንቋ ትናንሽ ምድጃዎች ማለት ነው። መንደሪቱ በቡርጎስ አውራጃ፣ ከቡርጎስ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ሜሴታ በሚባለው ደጋማ ሜዳ ላይ ትገኛለች። መንገደኛ የሚነሣው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ሜዳ በበጋ ጥላ የሌለው እሳት፣ በክረምት ደግሞ መከለያ የሌለው ነፋስ ነው። መሬቱ ከባሕር ወለል ከስምንት መቶ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጠፍጣፋ ሆኖ ተዘርግቷል። በግራም በቀኝም እህል ነው። በሚያዝያና በግንቦት አረንጓዴ፣ በሐምሌ ወርቅ፣ ከአጨዳ በኋላ ገለባና ትቢያ ይሆናል። መንገዱ በመካከሉ እንደ ነጭ መቀነት ተዘርግቶ ይታያል።

በዚህ ሜዳ ላይ የሚሄድ ሰው የሚፈተንበት ነገር አቀበት አይደለም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። አቀበት ሲወጣ ሰው ጫፉን እያየ ልቡን ያበረታል። ሜዳ ላይ ግን ሁለት ሰዓት ከተጓዘ በኋላ ዙሪያውን ቢያይ ያልተንቀሳቀሰ ይመስለዋል። ብዙ መንገደኞች ይህን ክፍል ይሰለቹታል፤ በአውቶቡስ ተሳፍረው የሚያልፉትም አሉ። በሕይወትም እንደዚሁ ነው። ወጣት ሰው ለአንድ ቀን ጀግንነት ፈቃደኛ ነው፤ ሳይታይ፣ ሳይመሰገን፣ በየቀኑ አንዱን ሥራ መሥራት ግን ይከብደዋል። ነገር ግን በኋላ እንደምናየው፣ በዚህ መንገድ ላይ የተሠራው ትልቁ ሥራ እንዲህ ያለው የየቀኑ ሥራ ነው።

ከስድስት ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ ሳን ቦል የሚባል ጥቂት ዛፍና ምንጭ ያለበት ቦታ ይገኛል። በውሃው እግሩን የታጠበ ሰው ከእንግዲህ እግሩ አያመውም የሚል የቆየ ወሬ አለ። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት፣ የደከመው መንገደኛ ጫማውን አውልቆ እግሩን ሳይነክር አያልፍም። ከዚያ ወዲያ አሁንም ሜዳ ነው። ኦንታናስ የተባለችው መንደር ቅርብ እንደ ሆነች ቢነገረውም መንገደኛው ምንም አያይም፤ ምክንያቱም መንደሪቱ በጎድጓዳ ውስጥ ተሸሽጋ ያለች ስለ ሆነች ነው። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል በድንገት ከእግሩ ሥር የቤተ ክርስቲያኑ ማማና የቤቶቹ ጣራ ብቅ ይላል። ኦንታናስ ማለት ምንጮች ማለት ነው። እንግዲህ ከምድጃዎች ተነሥተን ወደ ምንጮች ደረስን፤ የጥንት ሰዎች ለመንገደኛ የሚያስፈልገውን ነገር በስም ሳይቀር ጽፈውት ሄደዋል፤ ዳቦና ውሃ።

ከኦንታናስ ወጥቶ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ዛፍ በሁለት ወገን በቆመበት ጎዳና ፊት ለፊት አንድ ታላቅ ፍርስራሽ ይታያል። ይህ የቅዱስ አንቶን ገዳም ነው። ጎዳናው በፍርስራሹ አጠገብ አያልፍም፤ በመካከሉ ሰንጥቆ በረጃጅም የድንጋይ ቅስቶች ሥር ያልፋል እንጂ። ጣራው ወድቋል። ግድግዳው ግን ከፍ ብሎ ቆሟል፤ በመስኮቱም ውስጥ ሰማይ ይታያል። አንደኛው ክብ መስኮት የተቀረጸው «ታው» በሚባለው ምልክት ነው። ታው በእኛም ፊደል የ«ተ» ስም ነው፤ ቅርጹም መስቀል ይመስላል። ገዳሙን ያቋቋመው በ1146 ዓ.ም. የካስቲያ ንጉሥ ሳብዓይ አልፎንሶ ነው፤ ዛሬ ቆሞ የሚታየው ፍርስራሽ ግን አብዛኛው የዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው።

ቅዱስ አንቶን የተባለው ሌላ ማንም አይደለም፤ እኛ አባ እንጦንስ የምንላቸው፣ በግብፅ በረሃ የኖሩት የመነኮሳት አባት ናቸው። ወላጆቻቸው የተዉላቸውን ርስት ሸጠው ለድኾች ሰጥተው ወደ ምድረ በዳ የወጡ፣ በ356 ዓ.ም. ያረፉ፣ ታሪካቸውንም አትናቴዎስ የጻፈላቸው እርሳቸው ናቸው። በቀይ ባሕር አቅራቢያ ባለው ገዳማቸው የእኛ አገር መነኮሳት ኖረውበታል። እኛ በዓላቸውን የምናከብረው ጥር 22 ቀን ነው። ታዲያ እኚህ የበረሃ አባት ስማቸው በካስቲያ የእህል ሜዳ መካከል እንዴት ተገኘ ብለህ ብትጠይቅ፣ መልሱ አንድ አስፈሪ በሽታ ነው።

በመካከለኛው ዘመን በኤውሮፓ ገጠር፣ በተለይም በፈረንሳይ፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ አንድ መቅሠፍት ይነሣ ነበር። በሽታው የያዘው ሰው በመጀመሪያ እጁና እግሩ ይነዘዝበታል፤ ከዚያም በማይታይ እሳት እንደሚቃጠል ሆኖ ይጮኻል። ቀጥሎ ያ ቃጠሎ ወደ ብርድ ይለወጣል፤ ጣቱ፣ እግሩ፣ አንዳንዴም ክንዱ እንደ ከሰል ይጠቁርና ይደርቃል። በመጨረሻ ደም እንኳ ሳይፈስስ ከመገጣጠሚያው ተቆርጦ ይወድቃል። ሌላው ሕመምተኛ ደግሞ ሰውነቱ እየተኮማተረ፣ አእምሮው እየተናወጠ ይሞታል። ይህን በሽታ ሰዎች «የተቀደሰው እሳት» አሉት፤ በኋላም «የቅዱስ አንቶን እሳት» ተባለ። ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንዱ የኃጢአት ቅጣት ነው ይል ነበር፤ አንዳንዱም ይተላለፍብኛል ብሎ የጎረቤቱን ቤት ይሸሽ ነበር። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ እጁ የወደቀበት ሰው ኃጢአተኛ ተብሎ ስሙም ይወድቅበት ነበር።

ምክንያቱ ግን በማዕዱ ላይ ነበር። ራይ የሚባል የስንዴና የገብስ ዘመድ የሆነ እህል አለ። ስንዴ በማይሆንበት በቀዝቃዛና በደካማ መሬት ስለሚበቅል የድኻ እህል ነበር። የፀደዩ ወራት እርጥብና ብርዳም ሲሆን፣ በራዩ ዛላ ላይ ከሻጋታ ወገን የሆነ አንድ ተውሳክ ያድራል፤ በፍሬውም ፈንታ ጠቆር ያለ፣ የአውራ ዶሮ የእግር ቀንድ የመሰለ ነገር ያበቅላል። ፈረንሳዮች ስለ መልኩ ኤርጎት አሉት፤ ትርጉሙም ይኸው የዶሮ ቀንድ ነው። ይህ ጥቁር ፍሬ ከእህሉ ጋር ተፈጭቶ፣ ተጋግሮ ሲበላ የደም ሥርን ያጠብባል። ደም ያልደረሰበት ሥጋም ይሞታል። ባለጸጋው ነጭ የስንዴ ዳቦ ይበላ ስለ ነበር ብዙ ጊዜ ይድናል። ድኻው ግን፣ የአምናው እህል አልቆበት አዲሱን ሳያበጥርና ሳይለቅም ለማስፈጨት የሚቸኩለው ድኻ፣ መርዙን ከነልጆቹ ይበላል። እንግዲህ ይህ እሳት ዓይን ነበረው ማለት ይቻላል፤ የሚመርጠውም ድኻውን ነበር።

በ1095 ዓ.ም. ገደማ፣ በፈረንሳይ በዶፊኔ አውራጃ፣ ጋስቶን የተባለ አንድ ባላባት ልጁ በዚህ በሽታ ተያዘበት። እንደሚተረከው የአባ እንጦንስ ዐፅም አለበት ወደ ተባለው ስፍራ ሄዶ ተሳለ፤ ልጁ ቢድን ራሱንና ሀብቱን ለሕመምተኞች አገልግሎት እንደሚሰጥ ተናገረ። ልጁም ዳነ። አባትና ልጅ ጥቂት ወንድሞችን አስከትለው በዚያው ስፍራ ለሕመምተኞችና ለመንገደኞች ማረፊያ ቤት ከፈቱ። የአንቶናውያን ማኅበር የተጀመረው በዚህ ነው። ወንድሞቹ ጥቁር ልብስ ለብሰው በላዩ ሰማያዊ ታው ያደርጉ ነበር። ማኅበሩ እያደገ ሄዶ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከሦስት መቶ በላይ ሆስፒታል ነበረው። በኦንታናስና በካስትሮኼሪዝ መካከል ቆሞ ያየነው ፍርስራሽም ከነዚያ ቤቶች አንዱ ነው።

ወንድሞቹ ምን ያደርጉ ነበር? የሞተውን እግር የሚቆርጥ ባለሙያ ያቀርባሉ፤ ቁስሉን በስብና በቅጠል በተሠራ ቅባት ያሹታል፤ የተቆረጠበትንም ሰው አይጥሉትም፤ ጠዋሪ ከሌለው እዚያው ያኖሩታል። ለማኅበሩ ቤት በኢዘንሃይም የተሠራው፣ ግሩኔቫልድ የተባለው ሠዓሊ ከ1512 እስከ 1516 ዓ.ም. የሣለው ታላቅ ሥዕል ዛሬም ኮልማር በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ አለ። በዚያ ሥዕል ላይ የተሰቀለው ክርስቶስ ገላው በሙሉ በቁስል ተሸፍኖ ይታያል። ሠዓሊው ይህን ያደረገው ሕመምተኞቹ ቁስላቸውን በጌታቸው ገላ ላይ አይተው፣ የተጣልን አይደለንም ብለው እንዲጽናኑ ነው ተብሎ ይታመናል። ሌላው ሰው ኃጢአተኛ ናችሁ ሲላቸው፣ እዚያ ቤት ግን እርሱም እንደ እናንተ ቆሰለ ተባሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ወንድሞቹ ዳቦ ይሰጡ ነበር፤ ጥሩ የስንዴ ዳቦ። አንባቢ ሆይ፣ የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነውና ልብ በል። ወንድሞቹ የበሽታውን ምክንያት አያውቁም ነበር። ሕመምተኛው የዳነው በጸሎትና በቅዱሱ ረድኤት ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ እምነታቸውንም የምንነቅፍበት ምክንያት የለንም። ነገር ግን ዛሬ እንደምናውቀው፣ ሕመምተኛው የተመረዘውን የራይ ዳቦ ትቶ ንጹሕ ዳቦ ሲበላ መርዙ ከሰውነቱ ይወጣል፤ ሥጋው ፈጽሞ ካልሞተም ይድናል። ከመንደሩ ወጥቶ በስንዴ አገር በእግሩ መጓዙም ራሱ ከመርዙ ያርቀው ነበር። ስለዚህ ያ ለድኻ የተቆረሰ ዳቦ ምጽዋት ብቻ አልነበረም፤ ሰጪውም ተቀባዩም ሳያውቁት መድኃኒት ነበር።

በፍርስራሹ በቅስቱ ሥር፣ በጎዳናው ጠርዝ ባለው ግድግዳ ውስጥ፣ ሁለት የተቦረቦሩ የድንጋይ መደርደሪያዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። የገዳሙ በር ከተዘጋ በኋላ በሌሊት የሚደርስ መንገደኛ ተርቦ እንዳያድር፣ ወንድሞቹ በዚያ ላይ ዳቦ ያስቀምጡ ነበር ይባላል። ማን እንደ ወሰደው አይታይም፤ ማን እንዳስቀመጠውም አይታይም። ሰጪው ምስጋና አይጠብቅም፤ ተቀባዩም ፊቱ አያፍርም። ስለ ልግስና ብዙ ተጽፏል፤ ነገር ግን ከዚህ ድንጋይ የተሻለ የሚያስተምር መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል።

አሁን ደግሞ እውነቱን ሳንሸሽግ የታሪኩን ሌላ ፊት እንናገር። ሰዎች ማኅበሩን ስለ ወደዱትና ስለ ፈሩት ብዙ ሀብት ሰጡት። የማኅበሩ አሳማዎች በአንገታቸው ቃጭል ታስሮላቸው በየከተማው ጎዳና ያለ ከልካይ እየዞሩ ይመገቡ ነበር። ምጽዋት ሰብሳቢዎቹም በየአገሩ ዞሩ፤ ከነርሱም መካከል የሕዝቡን ፍርሃት መነገጃ ያደረጉ ነበሩ። ስለዚህ ማኅበሩ በመጨረሻው ዘመን ተዘበተበት። በሌላ ወገን በሽታው እየቀነሰ ሄደ። ሆስፒታሉ የቆመለት ሕመምተኛ ሲጠፋ፣ ቤቱ ከነሀብቱ ብቻውን ቀረ። በ1776 ዓ.ም. ገደማ የቀረው ማኅበር ከማልታ ፈረሰኞች ማኅበር ጋር እንዲቀላቀል ተደረገ፤ በስፔንም ያው ዘመን ሳያልቅ ፈረሰ። የካስቲያውም ገዳም ጣራው ወደቀ፤ ድንጋዩ ተለቀመ።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? ማናቸውም የበጎ አድራጎት ቤት የቆመው ለተቸገረው ሰው ሲባል እንጂ ለራሱ ሲባል አይደለም። ቤቱ ድኻውን ረስቶ ግንቡን ሲያይ፣ ያን ጊዜ ፍርስራሹ ተጀምሯል፤ ጣራው የሚወድቅበት ቀን መዘግየቱ ብቻ ነው።

የበሽታው ምክንያት የታወቀው ወንድሞቹ ሳይሆኑ ሌሎች ሰዎች ባደረጉት ጥንቃቄ ነው። በ1676 ዓ.ም. ዶዳር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በአገሩ የሳይንስ አካዳሚ ፊት ጥፋቱ የጥቁሩ ፍሬ መሆኑን አስታወቀ። ነገር ግን ብዙ ሰው ቶሎ አላመነም፤ ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። በ1853 ዓ.ም. ቱላን የተባለው ሊቅ ተውሳኩ ከመሬት ወደ አበባ፣ ከአበባ ወደ ፍሬ፣ ከፍሬ ተመልሶ ወደ መሬት እንዴት እንደሚዞር አብራራ። ከዚያ ወዲህ ገበሬው የሚያደርገው ታወቀ። እህልን ማፈራረቅ፣ መሬቱን ጠለቅ አድርጎ ማረስ፣ እህሉን ማበጠርና መልቀም ነው። እህሉ በጨው ውሃ ሲነከርም ደህናው ይዘቅጣል፤ ጥቁሩ ቀለል ስለሚል ይንሳፈፋል። ደግሞ የሚያስደንቀው፣ ከዚሁ መርዝ በጥቂት መጠን ተለክቶ የሚሰጥ መድኃኒት መገኘቱ ነው። በ1935 ዓ.ም. ከኤርጎት ተለይቶ የወጣው ኤርጎሜትሪን የተባለው መድኃኒት ከወለደች በኋላ ደም የሚፈስሳትን እናት ያድናል። የደም ሥርን በማጥበብ እግርን የገደለው ኃይል፣ በዕውቀት ሲያዝ ማሕፀንን አኮማትሮ ደምን አስቆመ።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገርና የድሮ ዘመን ወሬ ነው ብለህ እንዳትዘናጋ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ገደማ፣ ይኸው እሳት በወሎ ተነሣ። እኛ ሲናር የምንለው፣ በገብስ መካከል እየበቀለ ገበሬውን የሚያስቸግረው የዱር አጃ፣ በዚህ ተውሳክ ተይዞ ነበር። ከእህሉ ጋር ተፈጭቶ ተበላ። የሰዎች እግር ጠቆረ፤ ደረቀ፤ ወደቀ። የሞቱም ነበሩ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በአርሲ ዳግመኛ ታየ። እንግዲህ የወሎ ገበሬ ልጅና የዶፊኔ ገበሬ ልጅ በዘጠኝ መቶ ዓመት ተለያይተው አንድ ሥቃይ ተሠቃዩ፤ ምክንያቱም አንድ ነበር፤ ረኀብ ያላስለቀመው እህል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በጋስቶን ዘመን ምክንያቱን የሚያውቅ በዓለም አልነበረም፤ በወሎው ጊዜ ግን የሚያውቅ ነበር፤ ዕውቀቱ ግን ከድኻው ወፍጮ አልደረሰም ነበር።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ነገር ለይተህ ያዝ። ርኅራኄ ያለ ዕውቀት ብዙ ሰው አድኗል፤ የአንቶን ወንድሞች ምስክር ናቸው። ነገር ግን እሳቱን ከሥሩ ማጥፋት አልቻለም፤ እግር ቆራጭ አዘጋጅቶ ሌላ ሕመምተኛ እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር። ዕውቀት ያለ ርኅራኄ ደግሞ የእሳቱን ምክንያት ይጽፋል፤ መጽሐፉንም በመደርደሪያ ላይ ያኖራል። ድኻው ግን ማንበብ አይችልም። የቀደሙት ሰዎች በድንጋይ መደርደሪያቸው ላይ ዳቦ አኖሩ፤ እኛ በእንጨት መደርደሪያችን ላይ መጽሐፍ አኖርን። ከሁለቱ መደርደሪያዎች በሌሊት የሚደርሰው መንገደኛ እጁን ሰድዶ የሚያገኝበት የትኛው ነው? አንተ ፊደል የቆጠርህ ሰው ነህ። የተማርኸውን ነገር እናትህ እህል ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብለህ ካልነገርሃት፣ ትምህርትህ ከተዘጋው በር በስተ ውስጥ የቀረ ዳቦ ነው።

አሁን ቀኑ እየመሸ ነውና ጉዞአችንን እንፈጽም። ከፍርስራሹ እስከ ካስትሮኼሪዝ አራት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጎዳናው ቀጥ ያለ ነው፤ ከፊት ለፊት በሾጣጣ ኮረብታ ጫፍ ላይ የፈረሰ አምባ ይታያል። ከተማው በኮረብታው ግርጌ በአንድ ረጅም ጎዳና ላይ ተዘርግቷል። አምባውን የሠሩት ሰዎች ለጦርነት፣ ገዳሙን የሠሩት ሰዎች ለሕመምተኛ ብለው ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም ፍርስራሽ ናቸው። ጊዜ በድንጋይ አያዳላም።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። ከአምባው ላይ ዛሬ የሚተኩስ ወታደር የለም። በፈረሰው ገዳም ግንብ ውስጥ ግን፣ በሞቃቱ ወራት፣ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሰዎች ለመንገደኞች ጥቂት አልጋ ዘርግተው ያሳድራሉ። የኤሌክትሪክ መብራት የለውም። ሌሊት የሚታየው የሰማይ ኮከብ ነው። ዋጋ አይጠየቅም፤ ያለው ሰው የቻለውን ያኖራል። በድንጋዩ መደርደሪያ ላይም የሚያልፉት መንገደኞች ለማያውቁት ሰው ጥቂት ቃል የተጻፈበት ወረቀት ትተው ያልፋሉ። ንጉሡ አልፎንሶ የሰጠው ርስት ጠፍቷል፤ የማኅበሩ ሹማምንት ማዕርግ ጠፍቷል፤ አሳማውና ቃጭሉ ጠፍቷል። የቀረው ለማያውቁት ሰው ደጅ የመክፈት ልማድ ብቻ ነው። ከሁሉ የቀለለ የሚመስለው ነገር ከሁሉ ይልቅ ጸና።

በ2023 ዓ.ም. ብቻ ሳንቲያጎ ደርሰው የምስክር ወረቀት የተቀበሉት መንገደኞች ከአራት መቶ ሺህ በላይ ነበሩ። ከነርሱ መካከል ለጸሎት የሚሄድ አለ፤ ለጤናው የሚሄድ አለ፤ አገር ለማየት የሚሄድም አለ። በዚያ ቅስት ሥር ግን ሁሉም አንድ በር ያልፋሉ። እኛም እያንዳንዳችን በተሰጠን የአንድ ቀን መንገድ እንሄዳለን፤ ሲመሽም ማን ምን እንዳስቀመጠልን ሳናውቅ እጃችንን ወደ ግድግዳው እንዘረጋለን። እዚያ ዳቦ ካገኘን፣ ከእኛ በፊት ያለፈ አንድ ሰው አስቦን ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ከመተኛታችን በፊት ከኋላችን በጨለማ ለሚመጣው ሰው የኛን ቁራሽ እናስቀምጥለት፤ አስቀድመን ግን በብርሃን እንልቀመው።